ዝንጅብል ነው

ሳዑዲ፣ ጂዛን ገበያ ወርዳችሁ «ሰሊጥ» ብትሉ ዘይት ይቀዱላችኋል። እኔ ይህን ያወቅኩት አሐድ አል መሳሪሓ ላይ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእሑድ ገበያዋ ነው። ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ የፍየል መኖ ሊሸምት በፒክአፑ ጀርባ ጭኖ ወስዶኝ፣ እሱ ከነጋዴው ጋር ሲከራከር እኔ አንድ ዘይት መጭመቂያ ደጃፍ ቆምኩ። የጂዛን ሰው ለሰሊጥ ዘይት ነፍሱን ይሰጣል። ዱሮ ግመል ዓይኗን ተሸፍና ስትዞር ውላ ነበር የምትጨምቀው፤ ዛሬም በዚያው መንገድ የሚያስጨምቁ አሉ። ባለሱቁን «ሰሊጥ» አልኩት። ጠርሙስ አነሣ። «አይደለም፣ ሰሊጥ!» ስለው ተለቅ ያለ ጠርሙስ አነሣ። መላው ሲጠፋኝ እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ፍሬውን አሳየሁት። ሳቀና «ጁልጁላን!» አለኝ። ለካ እነሱ በእኛው ቃል የሚጠሩት ዘይቱን ነው፤ ፍሬው ሌላ ስም አለው። ሁለት ኪሎ ገዝቼ በጃኬቴ ውስጥ ደበቅኩ።

ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 2004 ነበር። ገና ሊደርስ ሳምንት አልቀረውም።

ያኔ 24 ዓመቴ ነው። ከራያ ቆቦ ተነሥቼ፣ በኦቦክ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሬ፣ የመንን አቋርጬ፣ ከሐረድ ወዲህ ያለውን ድንበር በሌሊት በእግሬ አልፌ የገባሁ ሰው ነኝ። በሳምጣና በአሐድ አል መሳሪሓ መካከል አንድ እርሻ ላይ 80 ፍየል እጠብቅ ነበር። አገሩ ማሽላ፣ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ የሚያበቅል ቆላ ነው፤ ሙቀቱን ትተን ሜዳውን ብቻ ብናይ የእኛን የቆቦን ሜዳ ይመስላል። ማሽላው ሲያሸት ሽታው ሆዴን ያባባኝ ነበር።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ግን ችግሩ የሽታ አልነበረም። 80 ፍየል የሚጠብቅ ጾመኛ አስቡት እስቲ። ወተቱ በጣሳ ሳይሆን በባልዲ ነው የሚታለበው። ከፊሌ ደግነቱ የሚመጣበት ሰዓት አያውቅም፤ ማለዳ አረፋው ገና ያልበረደ ወተት ይዞ «ጠጣ፣ ጠጣ!» ይለኛል። ሆዴ ወተት አይስማማውም ብዬ ዋሸሁት። ይህ ትንሹ ውሸቴ ነው። ትልቁ ወደ በኋላ ይመጣል።

እሳት ማንደድ ክልክል ነበር። ወረቀት የሌለውን ሰው ያሠራ ስለሚቀጣ፣ ከፊሌ የነገረኝ የመጀመሪያ ነገር «ጭስ እንዳላይ» የሚል ነው። ጀዋዛት፣ የፓስፖርት ፖሊሱ፣ በመኪና ይዞራል፣ የድንበር ጠባቂውም በሌላ በኩል አለ። ምግቤ ከከፊሌ ቤት በቀን አንዴ ይመጣል፤ ሩዝ ወይም እንጀራችንን የሚያስታውስ ላሑሕ። ሥጋ ያለበት ቀን ሩዙን ከዳር ከዳር ለቅሜ እበላለሁ። ስለዚህ ለገና ድግስ ላዘጋጅ ስነሣ ሁለት ገደብ ነበረብኝ፦ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የለም፣ እሳትም የለም። ዛሬ በሌላው ዓለም ሰዎች ፈልገውና ገንዘብ ከፍለው የሚገቡበትን፣ ከእንስሳም ከእሳትም የራቀ አመጋገብ እኔ ሳልወድ ገብቼበታለሁ።

እናቴ በጾም ሱፍ ትሠራ ነበር። ሱፉን ለብለብ አድርጋ ትወቅጠዋለች፣ በውሃ እያሸች ታጠልለዋለች፤ የሚወርደው ነጭ ነገር ወተት ነው ብትሏት አትቀየምም። ተልባውን ታምሳለች፣ ሰሊጡንም ታምሳለች። ቤታችን ውስጥ እሳት ሳይነካው ወደ አፍ የሚሄድ የጾም መጠጥ አላስታውስም። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም። «ማመሱ ለጣዕም ነው» ብዬ አለፍኩት። ተልባን ማመስ ከጣዕም በላይ መሆኑን፣ ፍሬው በጥሬው ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር እንዳለውና ሙቀት እንደሚቀንሰው ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ሳያናይድ የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ምጣዷን ግን ሳትጥድ አትውልም።

እንዲህ አደረግኩት። ሰሊጡን ሐሙስ ማታ በውሃ ዘፈዘፍኩ። ዓርብ ከቀትር በፊት ከፊሌ ለጁምዓ ሲሄድ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጥቤ እፍኝ እፍኝ እያደረግኩ በሌላ ድንጋይ ፈጨሁት። የተዘፈዘፈ ሰሊጥ ሲፈጭ ድምፅ የለውም፤ ከድንጋዩ ሥር እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ጣቶቼ ቅባት በቅባት ሆኑ። ቴምር ፍሬውን አውጥቼ ደቆስኩ። ሁለት የበሰለ ሙዝ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ የከፊሌ እናት ለቡናቸው ከሚጨምሩት ሄል አምስት ፍሬ ሰጥተውኝ ነበርና እሱንም። በውሃ በጥብጬ በነጠላዬ ጫፍ አጠለልኩት። ቀለሙ የፈላ ወተት ይመስላል። ቀመስኩት። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን፣ ከግማሽ በታች ሞልቶ፣ ከማሽላው አገዳ ክምር ሥር ጥላ ውስጥ አኖርኩት። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፤ እንግዶቼን የምጠብቀው ማታ ነው።

ማታ አልመጡም።

አራት ነበሩ፣ ሁሉም ከጎረቤት እርሻዎች። ሁለቱ የሰሜን ወሎ ልጆች፣ አንዱ ገና ጢሙ ያላቆጠቆጠ የሰቆጣ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ ማንጎ እርሻ ላይ የሚሠሩ ከከሚሴ ወዲያ የመጡ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሙስሊም ሰው። እኚህን ሰው ሁላችንም አያ ነበር የምንላቸው። ስደውል ከወሎዎቹ አንዱ «ምን ሆነሃል? ገና እኮ እሑድ ነው፣ ዋዜማው ነገ ማታ!» አለኝ። ተከራከርን። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ሆና አልፋለች፣ ስለዚህ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ ጾሙም 44 ሳይሆን 43 ቀን ነው አልኩ። «ገና መቼ 28 ሆኖ ያውቃል!» አለኝ። በየአራት ዓመቱ ሆኖ ያውቃል። ዲያቆን ባልሆንም የዲያቆን ወንድም ነኝ። ልክ ነበርኩ።

ልክ መሆኔ ነው ያበላሸኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለእኔ ገና ነበር። የፍየሏን ወተት አልቤ በትኩሱ ጠጣሁ፣ እየሳቅኩ፣ ብቻዬን። ጀሪካኑን ሄጄ አላየሁትም። ጂዛን በእኛ ታኅሣሥ፣ በእነሱ ክረምት፣ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ የባሕሩ ወበቅ ሲጨመርበት ጥላም ጥላ አይደለም። ሰሊጥ፣ ስኳር ያለበት ቴምር፣ ሙዝና ውሃ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ቆዩ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ መምጫቸው ሲደርስ ክዳኑን ፈታሁ። ፍስስ አለ ጀሪካኑ። ከላይ አረፋ ሠርቷል። በጣሳ ትንሽ ቀድቼ ቀመስኩ። ምላሴን ቆንጠጥ አደረገው። ከሥሩ ደግሞ የኮመጠጠ ነገር፣ ያደረ ነገር ያልቀመሰ ሰው የማያውቀው ሽታ። አወቅኩ። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ያደረ እርጎና የተበላሸ ወተት መለየት ገና በልጅነት ነው የምንማረው።

ልደፋው ይገባ ነበር። ፍየሎቹ እዚያው ናቸው፤ ግን ለእነሱ ገና ጾም ነው፣ ወተት አልሰጣቸውም። ባዶ እጄን ልቀበላቸው? ሁለት ኪሎ ሰሊጥ፣ የከፊሌ እናት ሄል፣ የሁለት ቀን ወገብ። ደግሞም፣ ይህን ለመጻፍ ያፍራል እጄ፣ በሰዓቱ ቢመጡ አይበላሽም ነበር። የዘገዩት እነሱ ናቸው።

በአንዲት ጣሳ በተራ ቀዳሁ። አያ ጣሳውን ተቀብለው ወደ አፋቸው ሊያስጠጉ ሲሉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አልፈላም?»

ጥያቄው የሆድ ብቻ አይደለም። ቴምር የተዘፈዘፈበት ውሃ ነቢዝ ይባላል፤ ነቢዩ ይጠጡት እንደነበር፣ ቀኑ ሲገፋ ግን እንደሚደፋ አያ ቀደም ብለው አጫውተውኛል። ፈልቶ የሚያሰክር ከሆነ ሐራም ነው። እሳት ሳይነካው ፈልቶ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ፤ ጠያቂው ደግሞ እኔን አምነው በእኔ በዓል ሊደሰቱ በጨለማ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው።

«የለም አያ፣ ዝንጅብል ነው። ዝንጅብሉ በርትቶ ነው» አልኳቸው።

«ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ።

የሰቆጣው ልጅ ሦስት ጣሳ ጠጣ። ጣፈጠው። ከአገሩ ከወጣ የመጀመሪያ ገናው ነበር። እኔ ለራሴ ግማሽ ጣሳ ብቻ ቀዳሁ፤ ከፊት ለፊታቸው። ማንም ልብ አላለውም። ከውሸቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያቺ ግማሽ ጣሳ ናት። ውሸቱ አመለጠኝ ልል እችላለሁ። ጣሳው ግን ሲሞላ አይቼ ያቆምኩት በገዛ እጄ ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልጁ ተነሥቶ ወጣ። ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። ከዚያ መውጣት አቃተው። ሁለቱ ወሎዎች ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ፣ አያም አንዴ አስመለሳቸው። ልጁ ግን በላይም በታችም ነበር። ወደ ንጋት ላይ ዓይኑ ጎደጎደ። አያ የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ቆዳው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀስ ብሎ ወረደ። ሐኪም ቤት የሚለውን ቃል ማንም አላነሣም። ወረቀት የለንም፤ የሄደ ይያዛል ብለን ነው የምናምነው።

አያ «እሳት» አሉ።

«አያ፣ ጭስ—»

«እሳት አንድድ አልኩህ።»

አነደድኩ። በአገዳና በደረቀ የፍየል በጠጥ። ለበዓል ያልደፈርነውን እሳት ለበሽታ አነደድነው። አያ ውሃውን አፍልተው አቀዘቀዙ፣ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ለኩ፣ ባለችን አንዲት የሻይ ማንኪያ ስድስት ልክ ልኩን ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። እየቆጠሩ ነበር የሚጨምሩት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አገራቸው ሳሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤታቸው መጥተው ለባለቤታቸው ሲያሳዩ ከበሩ ቆመው አይተው ነው የያዙት። ጨው ቢበዛ ልጁን ይጎዳል፣ ስኳር ቢበዛ ተቅማጡን ያብሳል፤ ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር። ልጁ ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በማንኪያ፣ እንደ ሕፃን። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ።

ጭሱን አይቶ ከፊሌ በማለዳ መጣ። እየጮኸ ነው ከመኪናው የወረደው። አራት የማያውቃቸው ሰዎች መሬት ላይ ተኝተዋል። ልጁን አየና ዝም አለ። ዞሮ ሄደ። ፖሊስ ጠርቶ ያስይዘናል ብለው ወሎዎቹ ሊሸሹ ተነሡ፤ እግራቸው አልታዘዘም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የፋርማሲ ከረጢት ይዞ ተመለሰ፦ በውሃ የሚበጠበጥ የንጥረ ነገር ዱቄት ስምንት ፓኬት፣ ሙዝ፣ ከእናቱ ቤት ደግሞ በፔርሙዝ ቅሽር፣ በዝንጅብል የፈላ የቡና ገለባ። የሁለት ወር ደመወዜን የያዘብኝ ሰው ይኸው ነው። ይህንንም ያንንም ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ አስማምቼ ልነግራችሁ አልችልም። «ምን በላችሁ?» አለኝ። «ሙዝ» አልኩት። ሦስተኛ ውሸት።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ቆመ።

ጀሪካኑን ያጠቡት አያ ናቸው። አፍንጫቸውን ወደ አፉ አስጠግተው ሲያሸቱት አየኋቸው። ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ልማድ አመጡ። ከፊሌ «ደመወዝህን ነገ» ሲል፣ አያ ካሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዝንጅብል ነው» ይሉኛል። ደላላ በስልክ ሪያድ ሥራ አለ ሲል፣ «ዝንጅብል ነው»። ወሎዎቹም ያዙት። ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ያውቃሉ ወይስ አያውቁም? አልጠየቅኩም።

በጥቅምት 2006 መጨረሻ ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ማፈስ ስትጀምር ተበታተንን። በዚያ ሰሞንና በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ እኔ አንዱ ነኝ፣ አንድ ፌስታል ይዤ ቦሌ ያረፍኩ።

አሁን ወልድያ ውስጥ ጁስ ቤት አለኝ። በጾም ወራት አቮካዶና ማንጎው እንዳለ ሆኖ ሱፍና ሰሊጥም እሠራለሁ። አምና አንዲት ከአሜሪካ የመጣች ደንበኛ የፈረንጆቹን የገና መጠጥ የጾም አድርጌ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ኤግኖግ ይሉታል፤ ወተት፣ ክሬም፣ ስኳርና እንቁላል ተመትቶ፣ ላዩ ላይ ገውዝ ተፈቅፍቆ፣ ሲፈልጉ ሮም ወይም ብራንዲ ተጨምሮ የሚጠጣ ነው። ከእንስሳ የራቁትና እሳትንም የማይፈልጉት ሰዎች ደግሞ ካሹ ዘፍዝፈው ከቴምር ጋር ይፈጩታል። «ምንም ያልነካው፣ ጥሬ» አለችኝ በኩራት። አልተከራከርኳትም እንጂ፣ ካሹ ቅርፊቱ ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥል ዘይት ስላለው በእንፋሎት ወይም በጥብስ ሳያልፍ አይፈለፈልም፤ ጥሬ ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ሙቀት አይቶ ነው የሚመጣው። እናቴ ብትሰማ ደስ ይላታል።

ጥሬ መጠጥ መጥፎ ነው አልልም፤ እኔው እሸጠዋለሁ። ጽድቅ ነው የሚለኝን ግን አልሰማም። እሳት ስትተው እሳት ይሠራልህ የነበረውን ሥራ በሌላ መሥራት አለብህ፤ ሰሊጥ በአውድማና በጆንያ አልፎ የሚመጣ እህል ነው፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም ከእሱ ጋር ሊመጣ ይችላል። አንድ ብርጭቆ ሰሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ስድስት ሰዓት እዘፈዝፋለሁ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አላሳድርም። የተዘፈዘፈበትን ደፍቼ ውሃው እስኪጠራ አጥባለሁ። በአራት ብርጭቆ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ፣ ስድስት ቴምር፣ ግማሽ ሙዝ፣ ዝንጅብል፣ የሦስት ኮረሪማ ፍሬ፣ ቁንጥር ጨው አድርጌ እመታዋለሁ፤ በሻሽ አጠልለዋለሁ። በዚያው ሰዓት ይጠጣል። የተረፈው ይደፋል፣ ያዘዘው ሰው ቢዘገይም። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ግን ሰሊጡን አምሼ ውሃውን አፍልቼ ነው የምሠራው፤ ጥሬውን ቢለምኑኝም አልሰጥም። አንዳንዱ ደንበኛ ይቀየማል።

ባለፈው ገና ሰሞን አያን ደወልኩላቸው። ከሚሴ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ልጆች ተጨዋወትን። ከዚያ «አያ፣ የዚያን ጊዜው... ቀምሼው ነበር። አውቄ ነው የሰጠኋችሁ» አልኩ።

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አያ?» አልኩ።

«አለሁ። እኔም እኮ ሸቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠጡ?»

«ጠየቅኩህ፣ የለም አልከኝ። ወንጀሉን ባንተ ላይ ጥዬ ጠጣኋት። በዓላችሁን ላፍርስ?» ሳል አቋረጣቸው። «ልጁ ግን ማንንም አልጠየቀም። እኔን አይቶ ነው የጠጣው። እኔ ጣሳውን ባስቀምጥ እሱም ያስቀምጥ ነበር።»

ምን እንደምል አጣሁ።

«የት ገባ ልጁ?» አሉኝ።

«ከ2006 ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።»

«ስልኩ አለህ?»

«የሳዑዲው ነው ያለኝ አያ። አይሠራም።»

«እስቲ ሞክረው።»